ሆስፒታሉ ስልክ ያጣ ቀን

(በሰሜን ቨርጂኒያ፣ በአንድ የማኅበረሰባችን የእሑድ ከሰዓት ስብሰባ ላይ ያደረግኩት ንግግር ነው። ከድምፅ የተገለበጠ ስለሆነ ከሳሌና ከ"እ..." በቀር ብዙ አልነካሁትም።)

እንደምን ዋላችሁ? እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ እንደምን ዋላችሁ? ከኋላ ያላችሁ ይሰማል? እስኪ እጃችሁን አውጡ። ጥሩ።

አዘጋጆቹ 20 ደቂቃ ሰጥተውኛል። የእኛ ሰው 20 ደቂቃ ሲል ስንት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። (ሳቅ) እሞክራለሁ።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ሰው ላስቸግር። እማማ፣ እዚህ ፊት የተቀመጡት፣ አዎ እርስዎ። ይቺን ወረቀትና እስክሪብቶ ይያዙልኝ። ልጄ ታች ማድ ቤት ራዲዮ ይዛ ተቀምጣለች። ስለ ቡናው የሚፈልጉትን ይጻፉላት። ቁጥር ይኑርበት እንጂ ሌላው እንደወደዱ። ሲጨርሱ ምልክት ይስጡኝ፣ እልከዋለሁ።

እሺ። የዛሬው ወሬዬ ስለ አማተር ራዲዮ ነው። እዚህ አገር "ሃም ራዲዮ" ይሉታል። ኤፍኤም ላይ ዘፈን የሚያጫውተውን ማለቴ አይደለም። ሃም ማለት ፈቃድ አውጥቶ፣ በገዛ ራዲዮው፣ ለራሱ ደስታ ብሎ ከሌላ ሃም ጋር የሚነጋገር ሰው ነው። ከነዚህ ሰዎች ጥቂቱ ሆስፒታል ስልክ ሲያጣ ራዲዮውን አንጠልጥሎ ይሄዳል። ያለ ክፍያ። እኔ አንዱ ነኝ።

ሦስት ነገር እነግራችኋለሁ። አንደኛ፣ ሆስፒታል እንዴት ስልክ ያጣል? ሁለተኛ፣ ያን ቀን እኛ ምን እናደርጋለን? ሦስተኛ፣ እናንተ እንዴት ትገባላችሁ? ግን ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ ነውና በመጀመሪያ እኔ እንዴት እንደገባሁበት ስሙ።

ጁን 29 ቀን 2012፣ ዓርብ። እዚህ የነበራችሁ ታስታውሱታላችሁ። ሙቀቱ ያን ቀን 104 ፋራናይት ገብቶ ነበር። ያኔ ታክሲ ነበር የምነዳው። ማታ አራት ሰዓት ካለፈ በኋላ ያ "ዴሬቾ" የሚሉት ነፋስ ከምዕራብ ተራራውን ተሻግሮ መጣ። ዛፍ መንገድ ላይ፣ ዛፍ መኪና ላይ፣ ዛፍ ቤት ላይ። መብራት ድርግም አለ። ባለቤቴ በአንድ ሆስፒታል የሌሊት ተረኛ ናት፤ ረዳት ነርስ ነች። ደወልኩ፣ አይነሳም። ደወልኩ፣ አይጠራም። ትንሽ ቆይቶ ስልኬ ራሱ "ኔትወርክ የለም" አለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ የባሰው መጣ። እዚህ ፌርፋክስ ውስጥ 911፣ የድንገተኛ እርዳታ መጥሪያው ስልክ፣ ጠፋ። 911! እኛ ልጆቻችንን "ምንም ብትሆኑ 911 ደውሉ" ብለን አይደል የምናሳድገው? 911 ሲጠፋ ለማን ይደወላል? ኋላ ኤፍሲሲ፣ የፌደራሉ የመገናኛ ኮሚሽን፣ መርምሮ አወጣው። በስድስት ግዛቶች 77 የ911 ማዕከላት ተነክተዋል። ከነዚያ 17ቱ ጭራሽ ዝም ብለዋል። ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሰው 911 ማግኘት የማይችልበት ሰዓት ነበር። በእኛ አካባቢ ምክንያቱ ምን ነበር መሰላችሁ? ነፋሱ ሽቦ ስለበጠሰ ብቻ እንዳይመስላችሁ። መብራት ሲጠፋ አርሊንግተንና ፌርፋክስ ባሉ ሁለት የስልክ ማዕከላት ውስጥ መጠባበቂያ ጄኔሬተር እምቢ አለ። በቃ። እዚያ አንድ ሞተር፣ እዚህ አንድ ሞተር።

እኔ ዛፍ እየዞርኩ፣ በሰው ግቢ እያቋረጥኩ ሆስፒታሉ ደረስኩ። ባለቤቴ ደህና ነበረች፤ እንዲያውም "ምን ልትሠራ መጣህ?" ነው ያለችኝ። (ሳቅ) መተላለፊያው ላይ ግን አንድ ሰው አየሁ። ቢጫ ሰደርያ ያደረጉ ሽማግሌ ፈረንጅ። ትንሽ ጠረጴዛ፣ እግራቸው ሥር የመኪና ባትሪ የሚመስል ባትሪ፣ እጃቸው ላይ የራዲዮ መነጋገሪያ። ከወረቀት ላይ ያነባሉ። ቀስ ብለው። ሁለት ቃል፣ ሦስት ቃል፣ ከዚያ ዝም። ከወዲያ በኩል ያለው ሰው ያንኑ ይደግማል። "ትክክል" ይላሉ። ቀጣዩን ያነባሉ።

እኔ ይህን አውቀዋለሁ! የት ነው የማውቀው? አባቴ ጋ ነው።

አባቴ ወሎ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ከተማ የቴሌ ሠራተኛ ነበር። ለከተማው በሙሉ አንድ ስልክ ቤት። ከአዲስ አበባ ሰው ሲፈለግ አባቴ በቁራጭ ወረቀት ይጽፋል፣ ልጅ ወረቀቱን ይዞ ይሮጣል። ያ ልጅ እኔ ነበርኩ። ወረቀት ባለቀ ቀን መልእክቱ በቃል ነው። አባቴ ከበር ሳያሳልፈኝ "ምን አልኩህ? ድገመው" ይለኛል። እደግማለሁ። አንድ ቀን የተላክሁት "እናትህ አሟታል" የሚል ነበር። እኔ ሩጫው ላይ ሞቅ አለኝና "እናትህ አሟታል፣ ቶሎ ና" ብዬ አደረስኩ። "ቶሎ ና" ከኪሴ ነው። ሰውየው ሁለት በጎቹን በወረደ ዋጋ ሸጦ በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፈረ። ሴትዮዋ ለካ ጉንፋን ይዟቸው ኖሯል። አባቴ ሲሰማ አናቴን በኩርኩም አለኝና "ማን ጨምር አለህ?" አለኝ። እስከ ዛሬ ያመኛል።

እኚያ ሽማግሌ ፈረንጅ ናቸው በኋላ ያስተማሩኝ። እንግዲህ ወደ አንደኛው ነጥብ።

አንደኛ። ሆስፒታል እንዴት ስልክ ያጣል? ሁላችንም የምናስበው የመሬት መንቀጥቀጥ፣ ሃሪኬን ነው። እሱም አለ። በ2017 ሃሪኬን ማሪያ ፖርቶ ሪኮን ስትመታ ከመቶ 95 የሚሆነው የሞባይል ማማ ጸጥ ብሏል። ቀይ መስቀል ሃሞችን እርዱኝ ብሎ 22 ፈቃደኞች ከዚህ አገር ሄደዋል። ግን እኔ ባየሁት አብዛኛው ጊዜ ምክንያቱ እንዲህ ትልቅ አይደለም። የውኃ ቧንቧ ፈንድቶ የስልኩ ማሽን ያለበት ክፍል ውስጥ ይገባል። አንዱ ሶፍትዌር "አፕዴት" ሲያደርግ ስልኩ በሙሉ ይተኛል። መንገድ የሚቆፍር ኤክስካቫተር ኬብል ይበጥሳል። የድሮው ስልክ የራሱ ሽቦ ነበረው። የዛሬው በኢንተርኔት ነው የሚሄደው። ኢንተርኔቱ ሲሄድ ስልኩም ይከተለዋል።

"ሞባይል አለ አይደል?" ትሉኛላችሁ። አለ። አንድ ነገር ሲፈጠር ሁሉም ሰው አንዴ ይደውላል፣ ማማው ይታነቃል። መብራት ከጠፋ ደግሞ ማማውም በባትሪ ነው፣ ባትሪውም ያልቃል። ሐቁን ልንገራችሁ፣ ትልልቆቹ ሆስፒታሎች ዛሬ የሳተላይት ስልክ አላቸው፣ የመንግሥት ራዲዮም አላቸው። አንዳንድ ኃላፊ እኛን ሲያይ "የጡረተኞች ጨዋታ" ብሎ ያስባል። አልፈርድበትም። የሳተላይት ስልኩ ግን አንድ ወይ ሁለት ነው፤ ቻርጅ የተደረገበትን ቀን የሚያውቅ ካለ ጥሩ ነው።

እማማ ጨረሱ? ይስጡኝ። እግዜር ይስጥልኝ። እንግዲህ አሁን ዝም በሉልኝ። (ራዲዮውን አንስቼ የጥሪ ምልክቴን፣ ከፈቃዱ ጋር የተሰጠኝን መለያ፣ በእንግሊዝኛ ተናገርኩ። ልጄ መለሰች።) "መልእክት አለ። ልትጽፊ ተዘጋጅተሻል?" "ዝግጁ ነኝ አባዬ።" "ለማድ ቤት። ቡና፣ ለአርባ አምስት ሰው፣ በአሃዝ አራት፣ አምስት። አምስቱ ያለ ስኳር። ፈንዲሻው ይቅደም። አለቀ።" (ከታች ሳቅ ተሰማ፣ ከዚያ "ደርሶኛል" አለች።)

አያችሁ? በአማርኛ ነው ያወራነው። ይፈቀዳል። ሕጉ በየ10 ደቂቃውና መጨረሻ ላይ የጥሪ ምልክታችሁን በእንግሊዝኛ ተናገሩ ይላል እንጂ ወሬውን በምን ቋንቋ እንዳታወሩ አይከለክልም።

ሁለተኛ። እኛ ምን እናደርጋለን? ይሄ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ የምወደው እሱ ስለሆነ።

ባለፉት ዓመታት ለልምምድ ሳይሆን ለእውነት የተጠራሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ሁለት! አንዱን ላውራላችሁ። ማክሰኞ ነበር፣ ፀሐይ የወጣበት ቀን፣ ምንም አደጋ የለም። ያው ኤክስካቫተሩ ነው። ሆስፒታሉ ውስጥ የውጪውም የውስጡም ስልክ አብሮ ሞተ። ዶክተር መጥሪያው ሞተ። ስድስት ሆነን ሄድን። አንዱ አመራሩ የተሰበሰበበት ክፍል፣ አንዱ ድንገተኛ፣ አንዱ ፋርማሲ፣ አንዱ ላብራቶሪ፣ አንዱ ኦፕሬሽን ክፍል፣ እኔ ጽኑ ሕሙማን በር ላይ። በር ላይ ነው ያልኩት። ራዲዮ አንዳንድ የሕክምና መሣሪያ ያውካል፣ ስለዚህ ሳይጠየቅ ውስጥ ገብቶ አይነገርም። ኃይሉንም ዝቅ እናደርጋለን።

ሰባት ሰዓት ቆምኩ። ብዙው "የጥጥ ካርቶን ላኩ"፣ "ሊፍቱ የት ቀረ" ዓይነት ነው። አንድ ጊዜ ላብራቶሪ ያለው ጓደኛዬ ጠራኝ። የናሙና ቁጥር ሰጠኝ፣ አሃዝ በአሃዝ። ቀጥሎ "ፖታሲየም፣ ስድስት ነጥብ አንድ" አለኝ። ጻፍኩ። "ስድስት ነጥብ አንድ" ብዬ ደገምኩ። "ትክክል" አለኝ። ወረቀቱን ለነርሷ ሰጠሁ። አየችው፣ ቀና ብላ እኔን አየች፣ እንደገና ወረቀቱን አየች። "ደግመሃል?" አለችኝ። "ደግሜያለሁ" አልኳት። ሮጠች። ፖታሲየም ሲበዛ ልብ ያዛባል፣ እዚህ ያላችሁ ነርሶች ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። እኔ ያኔ ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም ነበር። የማውቀው እንዴት እንደማደርሰው ብቻ ነበር።

የታማሚ ስም ግን አልሰማሁም፣ አልተናገርኩም። ለምን? ራዲዮው ክፍት ነው። ስካነር፣ ማለት የራዲዮ ንግግር ማዳመጫ፣ ያለው ማንም ይሰማል። በኮድ ደብቆ መናገር ደግሞ በአማተር ራዲዮ የተከለከለ ነው። ነርሶች "ሂፓ፣ ሂፓ" ስትሉ እሰማለሁ፤ የታማሚ ምሥጢር የሚጠብቀውን ሕግ ማለታችሁ ነው፣ ልክ ናችሁ። ቁጥር ብቻ ነው የሚተላለፈው፤ ስሙ ወረቀቱ ላይ፣ በሰው እጅ ይሄዳል።

ማታ ስልኩ ተመለሰ። ማንም አላጨበጨበልንም። አንዷ የቀዘቀዘ ፒዛ አመጣችልን፣ በልተን ሄድን።

አሁን የምታስቡትን አውቃለሁ። "እንግሊዝኛዬ ይሰበራል፣ ማን ይሰማኛል?" እኔም እንደዚያ ነበር የምፈራው። ስሙኝማ። ራዲዮ ላይ የሁሉም እንግሊዝኛ ይሰበራል! ጩኸት አለ፣ መቆራረጥ አለ። "ፊፍቲን" እና "ፊፍቲ" አሜሪካ የተወለደውንም ያምታታዋል። ለዚህ ነው "ዋን ፋይቭ"፣ "ፋይቭ ዚሮ" እየተባለ የሚነበበው። ደም ሲጠየቅ ኦ የሚለው የደም ዓይነት ከዜሮ ጋር እንዳይምታታ "ኦስካር" ይባላል። ፊደሉ ሁሉ እንዲህ ስም አለው፦ አልፋ፣ ብራቮ፣ ቻርሊ። የመድኃኒት ስም ካስቸገረ በፊደል ይቆጠራል። ፒ እና ቢ ለሚያስቸግረን ለእኛ ከዚህ የተሻለ ምን አለ? (ሳቅ)

እኔን የጣለኝ ቋንቋው አይደለም፣ ሰዓቱ ነው። አንድ ልምምድ ላይ ከቀኑ 14፡00 ላይ መልእክት ተቀበልኩ። በመዝገቡ ላይ ምን ብዬ ጻፍኩ? 8፡00! ሃያ ዓመት እዚህ ኖሬ፣ ድካም ሲይዘኝ ጭንቅላቴ ስምንት ሰዓት አለ። ልምምዱ የተጀመረው ጠዋት ዘጠኝ ላይ ነበር፣ በፈረንጅ። መልእክቴ ልምምዱ ሳይጀመር የደረሰ ሆኖ ተገኘ። ሽማግሌው አስተማሪዬ ወረቀቱን ገልብጠው ገልብጠው አዩት። እኔም ስለ ሀበሻ ሰዓት ግማሽ ሰዓት አስረዳኋቸው። አሁን እጄ ላይ ባለ 24 ሰዓት ሰዓት አለ፣ ይኸው።

ደግሞ አንድ ቅሬታ አለኝ፣ ልተንፍሰው። ሥራችን ውስጥ ጀግና ለመሆን የሚመጣ ሰው አለ። ሰደርያው አዲስ፣ ራዲዮው ሦስት፣ ቀበቶው ላይ የማይንጠለጠል ነገር የለም። ሰኞ ማታ ሁላችንም አየር ላይ ተገናኝተን ስም በምንጠራበት ሰዓት ግን የለም። በየሳምንቱ 20 ደቂቃ ነው! ተራችሁን ጠብቃችሁ፣ ስም ጠርታችሁ፣ ዝም ማለት። አሰልቺ ነው። አሰልቺነቱን የቻለ ነው ጽኑ ሕሙማን በር ላይ ሰባት ሰዓት የሚቆመው።

ሦስተኛ። እንዴት ትገባላችሁ? ሰዓቴ አልቋል መሰለኝ፣ ፈጠን ልበል። የመጀመሪያው ፈቃድ "ቴክኒሽያን" ይባላል። 35 ጥያቄ ነው፣ ምርጫ። 26 ካገኛችሁ አለፋችሁ። ጥያቄዎቹ የሚወጡት ከ400 ብዙም ከማይበልጥ ዝርዝር ነው፣ ዝርዝሩ ከነመልሱ አስቀድሞ በይፋ ወጥቷል! እንዲህ ያለ ፈተና የት አለ? ሞርስ፣ ያ ዲት ዳ የሚባለው፣ ከ2007 ጀምሮ ለየትኛውም ደረጃ አይጠየቅም። ዜግነት አይጠየቅም፣ የውጭ መንግሥት ተወካይ ካልሆናችሁ በቀር። የዕድሜ ገደብ የለውም። ለኤፍሲሲ 35 ዶላር ትከፍላላችሁ፣ ፈቃዱ ለ10 ዓመት ነው። እኔ በመጀመሪያው 24 አመጣሁና ወደቅኩ። አብራኝ የተፈተነችው ልጄ፣ ያኔ የ11 ዓመት ልጅ፣ አለፈች። ቤት እስክንደርስ መኪና ውስጥ ማንም አልተናገረም። (ሳቅ)

ፈቃዱ ብቻውን ሆስፒታል አያስገባችሁም። ከቡድን ጋር መሥራት አለባችሁ። ሆስፒታሉ እንደማንኛውም በጎ ፈቃደኛ ጀርባችሁን ያጣራል፣ የቲቢ ምርመራ ይጠይቃል፣ መታወቂያ ይሰጣል። ፌማ፣ የፌደራሉ የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት፣ በነጻ የሚሰጣቸው አጫጭር የኢንተርኔት ኮርሶች አሉ፣ አይኤስ 100 እና አይኤስ 700። ራዲዮ ለመግዛት ግን አትቸኩሉ። ለጀማሪ ትንሿ የእጅ ራዲዮ ትበቃለች። ነርስ የሆናችሁ ደግሞ "ተቀጣሪ ስለሆንኩ አይፈቀድልኝም" አትበሉ። ከ2010 ጀምሮ ሠራተኛም በልምምድ ላይ መሳተፍ እንዲችል ሕጉ ተሻሽሏል። በእውነተኛው ቀን ግን እናንተ ታማሚው ጋ ናችሁ፤ ለዚያ ነው ራዲዮውን የሚይዝ ሌላ ሰው የሚያስፈልገው። ያ ሌላ ሰው ባላችሁ ሊሆን ይችላል፣ ወንድማችሁ፣ ሶፋ ላይ ኳስ የሚያየው ልጃችሁ። በእነዚህ ሆስፒታሎች ውስጥ ስንቱ የእኛ ሰው ነው! አልጋ የሚያነጥፈው እኛ፣ መድኃኒት የሚሰጠው እኛ፣ ፓርኪንግ የሚጠብቀው እኛ። በእኔ ቡድን ውስጥ ግን አማርኛ የምንናገረው ልጄና እኔ ብቻ ነን።

ለአገር ቤት ናፋቂዎች አንዲት ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ አምስት ኪሎ፣ ቴክኖሎጂ ካምፓስ ውስጥ የኢትዮጵያ አማተር ራዲዮ ማኅበር ጣቢያ አለ። የጥሪ ምልክቱ ኢቲ3ኤኤ ነው። አንድ ቅዳሜ በ20 ሜትር ሞገድ ላይ ስፈልግ ከጩኸቱ ሥር የአንድ ወጣት ድምፅ ሰማሁ፣ "ኤኮ ታንጎ ስሪ አልፋ አልፋ" ሲል። የዓለም ሕዝብ ይጠራዋል፤ ጣልያኑ፣ ጃፓኑ፣ ራሽያው። እኔ መነጋገሪያውን ያዝኩና ምን እንደምል ጠፋኝ። የማወራው ጠፍቶኝ ስቀመጥ ሞገዱ ተዘጋ፣ ሄደ። እስከ ዛሬ አላገኘሁትም።

ጥያቄ ያለው? ... ቆይ፣ ልጄ መጣች። ቡናውም መጣ፣ ፈንዲሻውም ቀድሟል። ነይ ወዲህ፣ ወረቀትሽን አምጪ። እማማ፣ የእርስዎም ይኸው። እስኪ ሁለቱን ጎን ለጎን እናድርጋቸው። "ለማድ ቤት" አለ። "ቡና ለ45 ሰው" አለ። "አምስቱ ያለ ስኳር" አለ። "ፈንዲሻው ይቅደም" አለ።

ምን አሉኝ እማማ? ... "እባካችሁ" ብለው ነበር? የት ላይ? ... እውነትም። "እባካችሁ ፈንዲሻው ይቅደም" ነው የሚለው፣ በእርስዎ እጅ ጽሑፍ። የልጄ ላይ የለም።

አንቺ ነሽ የተውሽው? "እኔ የሰማሁትን ነው የጻፍኩት አባዬ። እንድደግምልህም አልጠየቅከኝም።" (ረጅም ሳቅ)

ልክ ናት፣ አልጠየቅኋትም። እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ነይ ልጄ፣ ራዲዮሽን ይዘሽ ውረጂ። እንደገና እንልከዋለን።